ጥፋት የሌለበት ጸጸት

አንድ የጭነት መኪና ነጂ ፍሬኑን መርምሮ፣ ፍጥነቱን ጠብቆ ሲጓዝ፣ አንድ ሕፃን ድንገት ከፊቱ ገብቶ ሞተ እንበል። ፖሊስ መርምሮ «ጥፋት የለብህም» ብሎ ያሰናብተዋል። ታዲያ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሣው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የመሰለ ነጂ በምሳሌነት አንሥቶ፣ ጸጸቱ ከተመልካች ሐዘን የተለየ መሆኑን አስረድቷል፤ አደጋው የደረሰው በእርሱ እጅ ነውና። ፈጥኖ የሚጽናና ነጂ ቢገኝ እንኳ ሰው በጥርጣሬ ያየዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የመኪና ባለቤት የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ የሚሆንበትን ሥርዓት ደንግጓል። እንግዲህ ጥፋትና ዕዳ አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ የባለቤቱ ዕዳ በገንዘብ ሲለካ፣ የነጂው የልብ ዕዳ መስፈሪያ የለውም።

«አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» የሚል ወዳጅ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ለቅሶውን ለማስቆም ከሆነ ይጎዳዋል። ነጂው የሚሻው ነፃ መባልን ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ እናቲቱ ብትቀበለውም ባትቀበለውም፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ማልቀስንም ነው። ራሱን ወንጀለኛ ሳያደርግ የሚያዝን ሰው አልተሸነፈም፤ ሰውነቱን ጠብቋል።