ተሽረው ያልቆጫቸው ሰው

ልጄ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር አድርገው መረጡህ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ መርቄሃለሁም። እንኳን ደስ አለህ ሊሉህ ከሚመጡት መካከል ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚልህ አይጠፋም። ይህ ተረት ስንቱን ደህና ሰው አበላሽቷል! ስለዚህ ሳይቆጫቸው ከሥልጣን የወረዱ አንድ ሰው ላንሣልህ፤ የኬፕ ቨርዴውን ፔድሮ ፒሬስን።

ኬፕ ቨርዴ ከሴኔጋል በስተምዕራብ፣ አትላንቲክ ውስጥ ያለች ባለ 10 ደሴት አገር ናት። ዝናብ ይነፍጋታል። በ1940ዎቹ ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶባታል (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ)። ፒሬስ በ1934 እሳተ ገሞራ ባለባት በፎጎ ደሴት ተወለዱ። ፖርቱጋል ለትምህርት ሄደው ሳሉ የቅኝ ገዢው አየር ኃይል ለውትድርና ወሰዳቸው፤ በ1961 ጥለው ጠፉና የአሚልካር ካብራልን የነፃነት ትግል ተቀላቀሉ። ካብራል በ1973 ኮናክሪ ላይ ተገደሉ። አገሪቱ በ1975 ነፃ ስትወጣ ፒሬስ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ። በድርቅ ለተመታው ሕዝብ ከውጭ እህል ሲመጣ፣ መንግሥታቸው ዝም ብሎ አላደለውም። ገበያ አውጥቶ ሸጠውና በገንዘቡ የቀን ሠራተኛ ቀጠረ። ሰዉ ድንጋይ እየደረደረ እርከን ሠራ፣ በየሸለቆው ጎርፍ የሚያቆም ክትር ገነባ፣ በተራቆተው ተራራ ላይ ችግኝ ተከለ። እህሉ ተበልቶ ቢያልቅም ክትሩ ቀረ። አንተም የእርዳታም ሆነ የአባላት ንብረት እጅህ ሲገባ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ንብረቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ምን ሥራ እንደሚቀር አስብ።

ጉድለት የለባቸውም አልልህም። 15 ዓመት የገዙት ሌላ ፓርቲ በሌለበት ነው። በ1981 የመሬት ሕጉን በተቃወሙ የሳንቶ አንታዎ ሰዎች ላይ ኃይል የተጠቀመውም የእሳቸው መንግሥት ነው። ይህን ጠባሳ የትኛውም ሽልማት አይሽረውም።

ትልቅነታቸው የታየኝ በሽንፈታቸው ነው። በጥር 1991 የመጀመሪያው የብዙ ፓርቲ ምርጫ ሲደረግ ፓርቲያቸው ወደቀ። ነፃነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ሠራዊቱም ፖሊሱም በእጃቸው ነበርና። እሳቸው ግን ቢሮውን ለአሸናፊው ፓርቲ መሪ ለካርሎስ ቬይጋ አስረከቡ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ተፎካካሪያቸው እኚሁ ቬይጋ ነበሩ። ከ150 ሺህ በላይ ድምፅ ተቆጥሮ ፒሬስ ያሸነፉት በ12 ድምፅ ነው። አሥራ ሁለት! ያቺ አገር ግን በዚህ ምክንያት አልታመሰችም። ድምፅ ቆጣሪው የታመነ ባይሆን ኖሮ የ12 ሺህ ልዩነትም ባላስታረቃቸው ነበር። በ2006 ሁለቱ ዳግም ተወዳደሩ፤ አሁንም ፒሬስ አሸነፉ። በዚያው ዘመናቸው፣ በ2007፣ ኬፕ ቨርዴ ከቦትስዋና ቀጥላ በልማት ወደኋላ ከቀሩት አገሮች መዝገብ የወጣች ሁለተኛዋ አገር ሆነች።

ሕገ መንግሥቱ ተለውጦ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀጥሉ የሚል ሐሳብ ሲነሣ አሻፈረኝ ብለው በ2011 ወጡ። ከእሳቸው በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸላሚ ያጣው፣ በደንብ መርተው ሥልጣን ለሚለቁ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰጠው የሞ ኢብራሂም ሽልማት በዚያው ዓመት ለእሳቸው ተሰጠ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ10 ዓመት የሚከፈል። ሲሾሙ ያልበሉ ሰው ሲወርዱ የገጠማቸው ይህ ነው፤ ተረቱን ለሚነግርህ ሰው ይህን ንገረው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ልጄ። የመጀመሪያው ዘመንህ ሲያልቅ «ካንተ ሌላ ማን አለን፣ አንዴ ጨምርልን» ይሉሃል፤ ከልባቸው የሚሉህም ይኖራሉ። እንግዲህ ያ ቀን ሳይመጣ፣ ገና በፊታችን ባለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሊቀመንበር ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ የሚል አንቀጽ ራስህ አቅርበህ በመተዳደሪያ ደንቡ አስጽፍ።