ያልደረሰ ማስጠንቀቂያ

ማስጠንቀቅ ማለት ምን ማለት ነው? የሚያውቁትን አደጋ መናገር ብቻ ነውን? ወይስ ቃሉ ከሚመለከተው ሰው ጆሮ እስኪደርስ ድረስ መድከም?

በሰሜን ባሕር ዳርቻ ይህ ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። በዚያ አገር ክረምት ሲባል እንደ እኛው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይሆን የብርድና የዐውሎ ነፋስ ወራት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፣ ከሰሜን ምዕራብ የተነሣ ብርቱ ነፋስ ውሃውን ወደ ባሕሩ ጠባብ ደቡባዊ ጫፍ ይገፋ ነበር። ወቅቱም የጨረቃና የፀሐይ ስበት ተባብሮ ባሕሩን ከፍ የሚያደርግበት ነበር። የኔዘርላንድ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች አደጋውን አልሳቱትም፤ አደገኛ የውሃ ሙላት እንደሚመጣ በዚያው ምሽት በቴሌግራም አስታወቁ፤ በራዲዮም ተነገረ። ይሁን እንጂ ቴሌግራሙ የሚላከው አስቀድመው ለተመዘገቡ ደንበኞች ነበር፤ ግድብ ከሚጠብቁት ማኅበራት ብዙዎቹ አልተመዘገቡም። ራዲዮው እንደ ልማዱ እኩለ ሌሊት ላይ ተዘጋ። ሌሊቱን ግድቦቹ ተናዱ። በአንዳንድ መንደር የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፤ በሌላው ስፍራ ግን ሰው የነቃው ውሃው ከቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በኔዘርላንድ 1,836፣ በእንግሊዝ ምድር 307 ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ በደለኛው ማን ነው? ቴሌግራሙን የላከው ሰው ደንቡ ያዘዘውን ፈጽሟል፤ እርሱን ለመኰነን አልደፍርም። ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚያ ሌሊት በፊት፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ዘመን፣ ለማን እንደሚነገር ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ይመስለኛል። ባለማድረግ የሚፈጸም በደል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ባለቤት አይገኝለትም።

ሰሚውም ከጥያቄው አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 ዓ.ም. ለሰሜን ባሕር ዳርቻ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ከሰሙት የሐምቡርግ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ነገሩ የሚመለከታቸው አልመሰላቸውም፤ ከተማቸው ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና። ማዕበሉ ግን የኤልባን ወንዝ ተከትሎ ገባ፤ በከተማይቱ 315 ሰዎች አለቁ።

የሐሰት ማንቂያስ? ይህ ከሁሉ ይከብደኛል። ሽማግሌ እናቱን ይዞ በብርድ ሌሊት ከቤቱ የወጣ ሰው፣ ውሃው ሳይመጣ ቢቀር ተሞኘሁ ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜም አይወጣም። አስጠንቃቂው ይህን ፈርቶ ዝም ቢል ስሙን ከሰው ሕይወት አስበልጧል። ስለዚህ ያወቀውን ከነጥርጣሬው መናገር ይገባዋል፤ በከንቱ የወጡትም መሣቂያ ሊሆኑ አይገባም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሕሩ በአንዳንድ ስፍራ ከ1953ቱ ልኬት በልጦ ተነሣ። ትንበያው ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር፤ የሞቱትም ጥቂቶች ነበሩ። በዚያን ዕለት ስልክና ቴሌቪዥን ሳይጐድል፣ ፖሊሶች በየቤቱ እየዞሩ በር ያንኳኩ ነበር።