ፍቅርና ብድር

ማታ ማታ ኩራዝ ከብበን ስንጨዋወት አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል፤ «እግዚአብሔር የሚወደን ከሆነ እዚህ ምን እንሠራለን?» ይህ የከሃዲ ጥያቄ አይደለም፤ መጠበቅ ያደከመው ሰው ጥያቄ ነው። እኛም የስደታችንን ምሥጢር እናውቃለን አንልም። ነገር ግን በቅርባችን የሆነውን እንመልከት።

ከሐርጌሳ በስተምዕራብ በምትገኘው በቦረማ ከተማ አናሌና ቶኔሊ የተባለች ጣሊያናዊት ክርስቲያን ትኖር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ወደ ኬንያ መጥታ፣ በዋጅር የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ሶማሌዎች ስታስታምም ኖረች። በኋላም በቦረማ ለነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ሕሙማኑ በሃይማኖትም በቋንቋም ከእርሷ የተለዩ ነበሩ፤ ብድር የሚመልሱበት ገንዘብም አልነበራቸውም። በ2003 ለስደተኞች አገልግሎት የሚሰጠውን የናንሰን ሽልማት ተቀበለች፤ በዚያው ዓመት በሆስፒታሏ ግቢ በጥይት ተገደለች።

እንግዲህ ፍቅሯ ምን አተረፈላት? በነጋዴ ሚዛን ከታየ ምንም። ይሁን እንጂ ክርስቶስም የወደደን ብድሩን እንመልሳለን ብሎ አይደለም። የእርሱን ፍቅር ለእርሱ መክፈል አይቻለንም፤ ለጎረቤት ማሳለፍ ግን ይቻለናል። ሰው የተፈጠረበት ዓላማም ይኸው ይመስለናል።

ይህች ከተማም ምስክር ናት። በ1988 በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ ከሕዝቧ ብዙው ወደ አገራችን ተሰዶ በሐርትሼክና በአካባቢው መጠለያዎች ኖረ። የያኔው እንግዳ ዛሬ ባለቤት፣ የያኔው ባለቤት ዛሬ እንግዳ ሆነ። ስኳር በዱቤ የሚሰጡን እናት «እኔም በእናንተ አገር በድንኳን አድጌአለሁ» ሲሉን፣ ማን ለማን ብድር እንዳለበት መቁጠር ያቅተናል።

ወገኖቻችን፤ ብዙዎቻችን «ስማችን ለሦስተኛ አገር ሲጠራ ያን ጊዜ መኖር እንጀምራለን» እንላለን። ስም መጠራቱን እኛም እንመኛለን። ዳሩ ግን ሌሊት በትኩሳት ለሚያቃስተው ጎረቤት ተነሥቶ ውሃ ማቀበል እስከዚያ አይቆይም። ለምን እዚህ እንደ መጣን መልስ የለንም፤ እዚህ የምንሠራው ግን አለን።

ይህችን ወረቀት ያነበበ ላላነበበ ያሳልፋት።