በያዙት መጽናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፤

በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ አዳራሻችን መቀመጫ እስኪጠፋ ይሞላል። ፋሲካ አልፎ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲቃረብ ግን ከበሮ የሚመታ እንኳ አይገኝም። ከጠፉት መካከል ይህን የምንጽፈው እኛም ነበርንበት። ስለዚህ ስለ ጽናት ስንናገር አስቀድመን ራሳችንን እየወቀስን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መመሰሉን ተምረናል። ሩጫን ደግሞ አገራችን ታውቀዋለች። ማሞ ወልዴ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800ና በ1500 ሜትር ተወዳድሮ ያለ ሜዳልያ ተመለሰ። በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ያገኘው በ1968፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በ1972ም በሙኒክ ነሐስ ጨመረ። በሜልቦርን ተስፋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሜክሲኮን ባላየ ነበር።

በመንግሥታት መካከልም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ግዛት ደቡብ አፍሪቃን በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም። በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪቃ በዚያ ግዛት መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። ነጻነቱን በደማቸው የገዙት የአገሪቱ ልጆች ናቸው፤ ሆኖም በጉባኤና በችሎት ሳይታክቱ የቆሙላቸውም ድርሻ አላቸው።

በንግድስ? የገበያ ሰዎችን ዕቁብ እንመልከት። ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሏል። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የሚጥለው ለሌላው ነው። ጽናቱ የሚታወቀው ከመቀበሉ በፊት ሳይሆን ከተቀበለ በኋላ ነው። ዋስ የሚጠራውም ስለዚህ ነው። እስከ መጨረሻው የጣለ ነጋዴ በሚቀጥለው ዙር ያለ ጥርጥር ይታመናል።

ወንድሞችና እህቶች፤ እኛም ዕጣችን አስቀድሞ የወጣልን ሰዎች ነን። ገና ሳንሠራ ተጠምቀናል፤ ገና ሳንለምን ተወደናል። ታዲያ ተቀብለን ሳለን መጣሉን ስለምን እናቆማለን?

በስሕተት ላይ ሙጭጭ ማለት ግን ጽናት አይደለም፤ እልኸኝነት ነው። ጽናት የሚያሰኘው መልካሙን ይዞ አለመልቀቅ ነው።

እንግዲህ ብዙ ቃል አንግባ። እያንዳንዳችን አንድ ትንሽ ነገር እንያዝ፦ የማታ ጸሎት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ወይም በሰዓቱ ጉባኤ መገኘት። ፈተና ሲደርስም፣ ስንመረቅም፣ ሥራ ስንይዝም እርሷን አንልቀቅ። ብንወድቅ በማግሥቱ እንነሣ።

እስከ ፍጻሜው እንድንጸና አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።