የእንግዳ ምስክርነት

የአገርን እውነት እንግዳ ሊመሰክር ይችላል? ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ደርሶ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆየ። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ዓለት ላይ የተቀረጹትን ቅዱሳን ሳይቀር፣ ከገለጸ በኋላ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰግቶ በእግዚአብሔር ስም ማለ። መካነ ሥላሴ የተባለውን ቤተ ክርስቲያንም አይቶ ጻፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1531 በጦርነት ሲቃጠል መልኩን ካቆዩልን ጥቂት ምስክሮች አንዱ የእርሱ መጽሐፍ ሆነ።

«በአውሮፓ ይነገር የነበረውን የቄሱን ንጉሥ የዮሐንስን ተረት ይዞ የመጣ ሰው በምን ይታመናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የመጽሐፉ ርእስ እንኳ ያንን ስም ይዟል። ነገር ግን ተረቱ አገሩ ሳለ በጆሮው የሰማው ነው፤ ዓለቱን ግን በዓይኑ አይቶታል። ምስክር የሚመዘነው በትውልዱ ሳይሆን ያየውን ከሰማው በመለየቱ ነው። ስለዚህ የተጓዦችን መጻሕፍት ሳናመልካቸውም ሳንንቃቸውም እንመርምራቸው።