ያልፈነዳው የማን ነው?

ሊትዌኒያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከክላስተር ቦምብ እገዳ ስምምነት ወጣች። ሩሲያ ደጄ ላይ እያለች እጄን አላስርም ነው ነገሩ። ያወገዟት ብዙ ናቸው፤ ከሚያነሡት አንዱ የመሣሪያው ጭካኔ ነው። ጭካኔውን ማን ካደ? እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ተጠያቂነቱ ከየት ይጀምራል?

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ ክላስተር ቦምብ ጣሉ። አይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ተመታ፤ 53 ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ጉዳዩን ያየው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ኤርትራን ተጠያቂ አደረገ፤ ሆን ብላ ትምህርት ቤት መታች ግን አላለም። ዒላማዋ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር፤ ጥፋቷ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ አለማድረጓ ነው አለ። ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ አንድ ሰፈር ላይ እንዴት ይስታል ብሎ የሚቆጣ ሰው አለ፤ ቁጣውን እጋራለሁ። ዳኛ ብሆን ግን እኔም ከኮሚሽኑ አልፌ መሄዴን እጠራጠራለሁ።

ለመሆኑ በዚህ መሣሪያ መሳት ምን ማለት ነው? ክላስተር ቦምብ አየር ላይ ተከፍቶ ትንንሽ ቦምቦችን ይበትናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 አፍጋኒስታን ላይ የጣለችው ሲቢዩ-87 እያንዳንዱ 202 ይይዛል። አብራሪው የሚመርጠው ማሳ እንጂ ነጥብ አይደለም። (እነዚያ ትንንሽ ቦምቦች ቢጫ ነበሩ፤ ከአየር የሚጣለው የዕርዳታ ምግብ እሽግም ቢጫ ነበር። ስጋቱ ሲታወቅ ቀለሙ እንዲቀየር የተወሰነው የምግቡ ነው።)

የሚከሽፈውም እንዲሁ በነጠላ ሳይሆን በጅምላ የሚታሰብ ነው። ላኦስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ከ270 ሚሊዮን በላይ ትንንሽ ቦምቦች ተጥለዋል፤ እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት ሳይፈነዱ እንደቀሩ ይገመታል። አንድ ቦምብ ቢከሽፍ አጋጣሚ ነው። ከመቶው ይህን ያህሉ እንደሚቀር እየታወቀ የተጣለ ግን ከተጣለው ነገር አንዱ ክፍል ነው። የሚጎዳው ልጅ ያን ጊዜ አልተወለደም የሚለው ክርክር አያስቸግረኝም። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የሄደ ሰው፣ የወደቀበት ልጅ ከቁፋሮው በኋላ ነው የተወለደው ቢል የትኛው ሽማግሌ ይሰማዋል?

የሚያስቸግረኝ የባለመሬቱ ክርክር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ለዩክሬን የክላስተር መድፍ ጥይት ለመስጠት ስትወስን (ከአውሮፕላን ባይጣልም የሚያደርሰው ያው ነው)፣ የዩክሬን መከላከያ ሚኒስትር ከተማ ውስጥ አንጠቀምም፣ የተኮስንበትን እንመዘግባለን፣ በኋላም እናጸዳለን ሲሉ ቃል ገቡ። መሬቱ የኛ፣ አደጋውም የኛ ማለታቸው ነው። ላኦስ ላይ የጣለው መንግሥት ይህን ሊል አይችልም ነበር፤ ዜጋው እዚያ አያርስም።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ፣ የሚወስነው ባለሥልጣን፣ የሚያርሰው ግን ገበሬው ነው የሚል ነበር። ይህ ግን ብዙ ያፈርሳል። መንግሥት ለወታደርነት ሲመለምልም፣ ግድብ ሲሠራም የሚወስነው በሌላው ሕይወት ላይ ነው። ሁለተኛው መልሴ ገና ላልተወለደው ማን ይፈቅዳል የሚል ነበር፤ ይህም ተመልሶ ወጋኝ፤ ሀገሩ ተይዞበት የሚወለደው ልጅስ? ያ መሬት አስቀድሞ በሩሲያ ፈንጂ ተሞልቶ ከሆነ፣ እምቢ ማለቴ ለገበሬው ንጹሕ እርሻ አያተርፍለትም። እዚህ ላይ ክርክሩን አላሸነፍኩትም፤ ሳስበው ባድር አሁንም አላሸነፍኩትም።

ቢሆንም ክርክሩ የሚቆመው መሬቱ የማን እንደሆነ በታወቀበት ነው። የኛና የኤርትራ ጦርነት የተነሣው ባድመ የማናት በሚል ነበር፤ ሁለቱም የኔ ናት ይሉ ነበር። በዚህ ሚዛን ሁለቱም ባድመ ላይ የመጣል ፈቃድ ለራሳቸው ይሰጣሉ ማለት ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ጉዳይ እጇ ንጹሕ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አውሮፕላኖቿ ጋሽ ባርካ ውስጥ እንግሊዝ ሠራሹን ቢኤል-755 እንደጣሉ ተዘግቧል። የክላስተር ቦምብ እገዳ ስምምነቱን እስካሁን ሁለቱም አልፈረሙም።

መቀሌ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። ኤርትራ መሬቴ ነው አላለችም። ስለዚህ ኮሚሽኑ «ጥንቃቄ» ያለውን ወስጄ እጠይቃለሁ፦ ከተማ አጠገብ ላለ ዒላማ እንዲህ ያለ ቦምብ ሲመረጥ የቀረው ጥንቃቄ ምን ነበር? አብራሪው ልምድ ይኑረው አይኑረው፣ ጥፋቱን የማየው አይደር ሰማይ ላይ ሳይሆን አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ክላስተር ይጫን ብሎ ያዘዘው ሰው ላይ ነው። በ1990 ዓ.ም. የነበረው ሕግ መሣሪያውን ራሱን ስላልከለከለ ኮሚሽኑ እስከዚያ አልሄደም፤ ሊሄድም ይችል ነበር ለማለት አልደፍርም።