አተር የሚዘራበት ጊዜና የሰው ውሳኔ

በየካቲት ወር፥ የበጋው አቧራ ገና ሳይበርድ፥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰብና ዝናብ ይወርዳል። በማግሥቱ ጧት በሰሜን ሸዋ፥ በወሎና በባሌ ደጋ ያለው ገበሬ ከደጁ ቆሞ ራሱን ይጠይቃል፤ «ይህ ዝናብ በልጉ ነውን? ወይስ አታላይ ነው? አተሩን ዛሬ ልዝራ ወይስ ልቈይ?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በመረመርነው ጊዜ ከእርሻ ያለፈ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ሰው ሊያውቀው በማይችለው ነገር ላይ እንዴት በቅንነት ይወስናል? ውሳኔው ሳይሳካ ቢቀርስ ጥፋተኛ ይባላልን? የሚል ነውና።

በመጀመሪያ ነገሩ ስለ ምን ከባድ እንደ ሆነ እንመልከት። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይዘንባል፤ ከክረምቱ ዝናብ ይልቅ ግን ወላዋይ ነው። አንዳንድ ዓመት በጊዜው ጀምሮ ይዘልቃል፤ አንዳንድ ዓመት ሁለት ሦስት ቀን ዘንቦ ለሳምንታት ይጠፋል። በ1991 ዓ.ም. በወሎ ደጋ በልጉ ሳይሳካ ቀርቶ በበልግ እህል የሚኖረው ሕዝብ ለረኃብ ተጋልጦ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ ስፍራ በልጉም ክረምቱም ተከታትለው ጐደሉ። ቀድሞ የዘራና የቀናው ሰው ጎተራው በሚራቈትበት በግንቦትና በሰኔ ለልጆቹ የአተር እሸት ያበላል። ዘግይቶ የዘራ ሰው ግን ሰብሉ ሳይደርቅ የክረምቱ ከባድ ዝናብ ይደርስበታል። ቀድሞ ዘርቶ ዝናቡ የከዳው ደግሞ ዘሩን ያጣል፤ ዘሩም ሊበላ ይችል የነበረ እህል ነው።

የአገራችን ምሳሌያዊ ንግግር በዚህ ነገር ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ቸኳዩን ይገሥጻል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ደግሞ በዘገየው ይሣለቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሆኖም በማሳው ዳር ለቆመው ሰው ዛሬ የሚሠራው የትኛው እንደ ሆነ አይነግሩትም። ስለዚህ ምሳሌ ከመጥቀስ አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ማየት ይገባል።

ስለ አተር ሊታወቅ የሚቻለው ነገር ጥቂት አይደለም። አተር ብርድን የሚችል ዘር ነው፤ መሬቱ ቀዝቃዛ ቢሆንም ይበቅላል፤ መብቀሉ ብቻ ይዘገያል። ለጋው ቡቃያ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፤ ውርጭ አጥብቆ የሚጎዳው አበባውንና ገና የሚያዘውን ፍሬ ነው። እንግዲህ ብርድ ብቻውን ቀድሞ መዝራትን አይከለክልም። የሚያስፈሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ በጥቁሩ ዋልካ ላይ ዘሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ዘሩ ከነቃ በኋላ የሚመጣ ድርቀት ነው። አተር በደረቅ አፈር ውስጥ ሳይጎዳ ሊቈይ ይችላል፤ ውኃ ጠጥቶ ካበጠና ሥር ካወጣ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ደረቅ ዘርነት አይመለስም።

ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ የላይኛውን እርጥበት አይቶ አይታለልም። አፈሩን ስንዝር ያህል ቈፍሮ እርጥበቱ ወደ ታች መውረዱን ያያል። ከዚያው አፈር ጨብጦ ይጨምቀዋል፤ እንደ ጭቃ ቢለጠፍ ይታገሣል፤ ተጨብጦ በጣት ሲነካ ቢፈረፈር ግን ለመዝራት የተመቸ ነው። ለመጀመሪያው ዘር ውኃ የማይተኛበትን ተዳፋት ይመርጣል። ነቀዝ የበሳውን ይለቅማል፤ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በሞቃት ስፍራ ሳምንት ያህል ካቈየ በኋላ ስንቱ እንደ በቀለ ያያል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ በልጉ የሚሰጠውንም ትንበያ ከራዲዮ ያደምጣል፤ ይሁን እንጂ ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አገርና ስለሚጠበቀው ነገር እንጂ በእርሱ ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደሚዘንብ አለመሆኑን ያውቃል። በቤቱም ይመክራል፤ ምክንያቱም በጎታው ውስጥ ስንት ቁና እንደ ቀረና ያም ስንት ቀን እንደሚያበላ አጥብቃ የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ እርሷ ሳትጠየቅ የተወሰነ ውሳኔ ግማሹን እውነት ሳያይ የተወሰነ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የነገው ዝናብ ነው። በዚህ ስፍራ ሰዎች በሁለት መንገድ ሲስቱ እናያለን። አንዳንዱ አፈሩን ሳይቈፍር «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ዘሩን ይበትናል፤ ይህን እምነት ብሎ ቢጠራውም ስንፍና ሊሆን ይችላል፤ እንዲመረምርበት የተሰጠውን ዓይንና እጅ አልሠራበትምና። ሌላው ደግሞ ዝናቡ ፈጽሞ እስኪረጋገጥለት ድረስ ይጠብቃል፤ ይህን ጥበብ ይለዋል፤ ነገር ግን የተረጋገጠ ቀን ከቶ አይመጣም። መጽሐፈ መክብብ በ11ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ነገር ያነሣል፤ ሰው የትኛው ዘር እንደሚበጅ ባለማወቁ ምክንያት እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ሳይሆን ደጋግሞ እንዲዘራ ይመክራል። ብዙ የደጋ ገበሬ ይህን በሥራ ይፈጽመዋል፤ 30 ኪሎ ዘር ያለው ሰው 15ቱን ዛሬ ይዘራል፤ 15ቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ትርፍ ይተዋል፤ ከሁሉ የከፋውንም ጉዳት ያመልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዱ አፈሩንም ዘሩንም ሳያይ በመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት ዘራ፤ ዝናቡ ቀጠለለትና አመረተ። ሁለተኛው ቈፈረ፥ ጨመቀ፥ አደመጠ፥ መከረ፤ ከዚያም ዘራ፤ ነገር ግን በእርሱ ቀበሌ ዝናቡ ተቋርጦ ቡቃያው ጠወለገ። በገበያ ስንገናኝ የምናመሰግነው ማንን ነው? እውነቱን እንናገር፤ የመጀመሪያውን «ብልኅ ነው» እንለዋለን፤ የሁለተኛውን ስም አንሥተን «ቸኰለ» ወይም «ምን በድሎ ይሆን» እንላለን። ይህ ፍርድ ጠማማ ነው። ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ሊያውቅ በቻለው ነገርና ባደረገው ጥንቃቄ ነው፤ ከወሰነ በኋላ ሰማይ ስላደረገው ነገር ግን ሊጠየቅ አይገባም። የመጀመሪያው ዕድለኛ እንጂ ብልኅ አልነበረም፤ ልጁ ያንኑ ልማድ ቢወርስ አንድ ዓመት ይጎዳበታል።

«እንግዲያስ ውጤቱ ከንቱ ነውን?» የሚል ሰው ይኖራል። ከንቱስ አይደለም። የጠወለገ ቡቃያ ትምህርት ነው፤ የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደ ደረቀ፥ በየትኛው ቀን እንደ ተዘራ ያስተዋለ ሰው ለሚመጣው ዓመት ዕውቀት ያተርፋል። ደግሞም ልጆች በጥንቃቄ አይጠግቡም፤ እህል ያሻቸዋል። ስለዚህ ውጤቱ ወቀሳን ለማካፈል ባይጠቅም እንኳ ርዳታ ለማን እንደሚያስፈልግ ያመለክተናል።

ይህን ስንል ደግሞ ሌላ ነገር እናስታውሳለን። ዘርን ለሁለት ከፍሎ መዝራት መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን ለሁለት የሚከፈል ዘር ላለው ሰው ነው። በጎታው 5 ኪሎ ብቻ የቀረችው ባልቴት አንድ ጊዜ ብቻ ልትሳሳት ትችላለች። ባለ ጠጋው ሁለት ጊዜ ቢሳሳት እንኳ ሦስተኛ ዘር አለው። ስለዚህ ድኻውን «ለምን አልደፈርህም?» ማለት ወይም «ለምን ደፈርህ?» ብሎ መውቀስ የሁለቱ ሰዎች ሸክም እኩል እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ነው፤ እኩልም አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በማኅበራችን መካከል ዘሩን በጥንቃቄ ዘርቶ ያጣ ሰው ቢኖር፥ ከመጠየቃችን በፊት ቁናችንን ይዘን ወደ ቤቱ እንሂድ። ስንሰጠውም ምክር አንጨምርበት፤ እርሱ ከእኛ ያላነሰ መርምሯልና። ዝናቡ በእኛ ማሳ ላይ ስለ ቀጠለ የተረፈን ዘር ሁሉ የእኛ ብልኅነት ፍሬ ብቻ አይደለም። ጊዜው ሳያልፍ፥ አፈሩም እርጥበቱን ሳይለቅ የተሰጠ አንድ ቁና በመከር ከሚሰጥ አንድ ኩንታል ይበልጣል፤ አተር የሚዘራበት ጊዜ እንዳለው ሁሉ ለጎረቤት የሚሰጥበትም ጊዜ አለውና።